ፓምፑ የቆመ ዕለት

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሰሞኑን ቢዩት ስለምትባል የአሜሪካ የመዳብ ከተማ የሚያሳይ ቪዲዮ አብረን አየን። ከከተማዋ ጥግ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ውስጡ ደም የመሰለ ሐይቅ ተኝቷል። አባቴ ‹መዳቡ አለቀባት፣ እሷም አለቀች፤ ልክ እንደኛ ባቡር› አሉ። እኔ ደግሞ መዳቡ አላለቀም የሚል አንብቤያለሁ። ማናችን ነን ልክ? ውሃው ለምን ቀላ? ከተማዋስ አሁን በምን ትኖራለች?»

አቦ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በድሬ ወግ አንተ ልበልህ። እኔም ያደግኩት ከዚራ ነው፤ እንጀራዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በተለይ ከማዕድን ማውጫ ስለሚወጣ ውሃ ነው የተማርኩት። በዚህ ሙያ ውስጥ ደግሞ ቢዩትን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥህ። መዳቡ አላለቀም፤ ዛሬም ይወጣል። ስለዚህ አንተ ልክ ነህ። አባትህም ግን «እንደኛ ባቡር» ሲሉ አልተሳሳቱም። የኛ ባቡርስ ተሳፋሪ አጥቶ ነው እንዴ የቆመው? ለገሃር በር ላይ የነበረውን ግፊያ እሳቸው ከኔ በላይ ያውቁታል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ ሁለታችንም እንምታታለን።

ቢዩት ሞንታና በሚባለው ግዛት፣ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዷ ለድሬ ልጅ አይወራም። መጀመሪያ ሰው የሄደባት ለወርቅ ነው፤ በ1864። ወርቁ ቶሎ ተጠርጎ አለቀ። ቀጥሎ ብር መጣ። መዳቡን ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከባድ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚያጓጉዘው በሬ የሚበላው ከመዳቡ ዋጋ ይበልጣል።

ማርከስ ዴሊ የሚባል አየርላንዳዊ ስደተኛ በ1876 መጣ። ድህነት ከአገሩ በልጅነቱ ያስወጣው፣ ድንጋይ ማንበብ በሥራ ላይ የተማረ ሰው ነው። አናኮንዳ የሚባል የብር ጉድጓድ ከካሊፎርኒያ ባለሀብቶች ጋር ገዛ። በ1882 ወደ 90 ሜትር ጥልቀት ሲደርሱ ብሩ ቀረና በምትኩ አይተውት የማያውቁት ወፍራም የመዳብ ሥር ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥቦ ይሄድ ነበር። ዴሊ ግን ሁለት ነገር አይቷል። አንደኛ፣ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1881 መጨረሻ፣ ባቡር ቢዩት ገብቷል። ሁለተኛ፣ በዚያው በ1882 ኤዲሰን ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጣቢያ ከፍቷል። መብራት ደግሞ ሽቦ ይፈልጋል፤ ሽቦ መዳብ ነው።

ባቡር ባይገባ ኖሮ ያ ሁሉ መዳብ ድንጋይ ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን ለአባትህ አንብብላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ ድንጋዩን እዚያው የሚያቀልጥ ስላልነበረ ባቡርና መርከብ እያቀያየሩ እስከ እንግሊዝ ምዕራብ፣ ዌልስ ድረስ ይልኩት ነበር። ኋላ ዴሊ የራሱን ማቅለጫ ሠራ፤ ቢዩት ላይ ግን አልነበረም። እዚያ በቂ ውሃ የለም። ስለዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ ወንዝ አጠገብ፣ በ1883 አናኮንዳ የምትባል አዲስ ከተማ ቆረቆረ። የኛን ታሪክ አይመስልህም? ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1902 ድሬ ግርጌው ላይ ተወለደች። ማቅለጫው ውሃ ስላጠረው አናኮንዳ ተወለደች። ከተማ አንዳንዴ የሚቆረቆረው መሄድ የተፈለገበት ቦታ ሳይሆን ነገሩ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

በ1890ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ መዳብ ግማሹ፣ ከዓለም ደግሞ ሩቡ ገደማ የሚወጣው ከዚያች አንዲት ኮረብታ ነበር። «በምድር ላይ ካሉት ሁሉ ሀብታሟ ኮረብታ» ይሏት ነበር። አየርላንዳዊው፣ የእንግሊዝ ኮርንዎሉ፣ ፊንላንዳዊው፣ ሰርቡ፣ ጣሊያኑ፣ ቻይናው፣ ሊባኖሱ ሁሉ መጣ። ጉድጓዱ ውስጥ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ በ16 ቋንቋ ይለጠፍ እንደነበር ይነገራል። ግሪክ፣ አርመን፣ የመን፣ ሕንድና ፈረንሳይ በአንድ ገበያ ሲገናኙባት ለኖረች ለድሬ ይህ ብርቅ አይደለም። የሚበሉትም ተደባለቀ። ኮርንዎሎች ሥጋና ድንች በሊጥ ጠቅልለው ጉድጓድ ይዘው የሚወርዱት ምግብ ዛሬም የቢዩት መለያ ነው። አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። ሳምቡሳ የለመደ ሰው ሚጥሚጣውን ይናፍቃል።

ጭሱን ግን ልንገርህ። መዳቡ ከድኝ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው። ድኙን ለማባረር ድንጋዩን ከእንጨት ጋር ሜዳ ላይ ከምረው ለቀናት ያቃጥሉት ነበር። ጭሱ ውስጥ ድኝም፣ አርሴኒክ የሚባል መርዝም አለ። አንዳንድ ቀን በቀትር ፋኖስ ይበራ ነበር። ሣርና ዛፍ ጠፋ። ሰዉ ግን ቻለው፤ ምክንያቱም ጭስ አለ ማለት ሥራ አለ ማለት ነው። በቀን 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለዚያ ዘመን ጥሩ ደመወዝ ነበር። ያንንም ያስከበረው በ1878 የተመሠረተው የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ነው።

የባለሀብቶቹን ጠብ ብጀምረው አያልቅም። ዴሊ፣ ዊሊያም ክላርክ፣ አውገስተስ ሃይንዝ፤ «የመዳብ ነገሥታት» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ክላርክ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበር በጉቦ ገዛ ተብሎ በ1900 ለቀቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ገባ። ሃይንዝ ደግሞ የሚኖረው በአንድ ሕግ ነበር። የማዕድኑ ሥር ጫፉ በአንተ መሬት ላይ ብቅ ካለ፣ ከሥር የጎረቤትህ ግቢ ድረስ ተከትለህ መቆፈር ትችላለህ ይላል ሕጉ። ኮረብታዋ ደግሞ በስባሪ የተመሰቃቀለች ስለሆነች የቱ ሥር የማን እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው። ሃይንዝ ጠበቃ በጠበቃ ሆኖ፣ የሚያደላለት ዳኛም አግኝቶ፣ ትልቁን ኩባንያ አንገሸገሸው።

ከዚህ ሁሉ ጠብ ለጥያቄህ የሚጠቅመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የዴሊን ንብረት የኒው ዮርክ የነዳጅ ከበርቴዎች በ1899 ባቋቋሙት ኩባንያ ይዘውት ነበር። በጥቅምት 1903 ፍርድ ቤት ለሃይንዝ ሲፈርድ ኩባንያው በሞንታና ያለውን ሥራ በሙሉ ድንገት ዘጋ። ከ10,000 በላይ ሠራተኛ ክረምት ሲገባ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ኩባንያው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ዳኛ መቀየር የሚያስችል ሕግ ይውጣልኝ። የግዛቱ ምክር ቤት በአስቸኳይ ተጠራና ሕጉ ወጣ። ሥራውም ተከፈተ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሃይንዝ ድርሻውን ሸጦ ሄደ። እኔ የቢዩትን ውድቀት የምቆጥረው ከዚያች ቀን ነው። መዳቡ ገና ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ሳለ፣ ከተማዋ የመዝጊያው ቁልፍ እሷ ጋ እንዳልሆነ አየች።

በሰኔ 1917 የሆነውን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። አውሮፓ ጦርነት ላይ ነው፤ ጥይት መዳብ ይፈልጋል፤ ጉድጓዶቹ ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። ስፔኩሌተር በሚባለው ማውጫ ውስጥ ከባድ የኤሌክትሪክ ኬብል እያወረዱ ነበር። ለምን መሰለህ? ለእሳት መከላከያ ሥራ። ኬብሉ አመለጠና ወደቀ። ሊያየው የወረደው ሰው የያዘው መብራት ነበልባል ያለው ነው፤ ዘይት የጠጣውን የኬብሉን ሽፋን ነካው። የአየር ማስገቢያው ጉድጓድ ጭስ ማውጫ ሆነ። 168 ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ከእሳቱ ብዙ ርቆ፣ በጭስና በጋዝ። ማነስ ደጋን የሚባል ወጣት ጓደኞቹን በአንድ ዋሻ ሰብስቦ መግቢያውን በእንጨትና በልብሳቸው ደፈነው። 25ቱ ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ በሕይወት ወጡ፤ እሱ አልወጣም። ከዚያ አድማ ተነሣ። ሊያስተባብር የመጣው ፍራንክ ሊትል ነሐሴ 1 ሌሊት ከመኝታው ተወስዶ ተሰቀለ። ገዳዮቹ እስከ ዛሬ አልተጠየቁም።

ያ ዓመት የከተማዋ ጫፍ ነበር። ቁልቁለቱ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ግን ስልሳ ዓመት የፈጀ ቁልቁለት ነው። ኩባንያው በ1923 ቺሊ ውስጥ ቹኪካማታ የሚባለውን ግዙፍ የመዳብ ማውጫ ገዛ። እዚያ መዳቡ ከላይ ነው፣ ጉልበትም ርካሽ ነው። ቢዩት ውስጥ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወርደህ፣ በሙቀት ተቀቅለህ፣ ሳንባህ በድንጋይ አቧራ ተበልቶ ነው የምታወጣው። በ1955 ኩባንያው ዘዴ ቀየረ። ሥሩን እየተከተሉ መውረድ ቀርቶ ኮረብታውን ከላይ እየገሸለጡ መጫን ተጀመረ። በርክሊ የሚባለው ጉድጓድ ይህ ነው። ከመቶ ኪሎ ድንጋይ አንድ ኪሎ መዳብ እንኳ አይወጣውም፤ ነገር ግን በትልቅ መኪና ሲጫን ያዋጣል። ሰው ግን ብዙ አይፈልግም።

ጉድጓዱ ሲሰፋ ሰፈር በላ። ሚደርቪል የሚባለው የጣሊያኖች ሰፈር፣ ምግብ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ሄደ። በ1973 ክላርክ ለሕዝቡ የሠራው መናፈሻ ተዘጋ፤ የከተማው ሽማግሌዎች ከሁሉ በላይ የሚቆጩት በእሱ ነው። እስቲ አስበው፣ መጋላ ቀስ በቀስ እየተቆፈረ፣ ሰዉ ደግሞ በዚያው ቁፋሮ ተቀጥሮ ደመወዝ እየበላ።

በ1971 ቺሊ ማዕድኖቿን ወረሰች። ቢዩትን ችላ ያስባላት ቹኪካማታ ከኩባንያው እጅ ወጣ። በ1977 አንድ የነዳጅ ኩባንያ ቅሪቱን ገዛ። በ1980 የአናኮንዳን ማቅለጫ ዘጋ። ሚያዝያ 22 ቀን 1982 ደግሞ የከርሰ ምድር ፓምፖቹን አቆመ። ዕለቱ በአሜሪካ የምድር ቀን የሚከበርበት ነው። ሆን ብሎ የመረጠው ሰው አለ ብዬ አላስብም፤ ጉድ ግን ጉድ ነው።

እንግዲህ ሙያዬ ጋ ደረስን። ታገሠኝ።

ማዕድን ማውጫ ማለት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። ከውሃው ወለል በታች የቆፈርክ ቀን ውሃው ይመጣብሃል። ሳቢያን ያሉትን የከተማችንን ጉድጓዶች አስብ፤ እኛ ውሃው እንዲመጣ እንፈልጋለን፣ እነሱ እንዳይመጣ ቀን ከሌት ይስባሉ። ቢዩት መቶ ዓመት ያህል ፓምፕ ያደረቃት ኮረብታ ናት። ከሥሯ ያለው ዋሻ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ፓምፑ ሲቆም ያ ሁሉ ዋሻ መሙላት ጀመረ። ውሃው ከሥር እየወጣ፣ እየወጣ፣ በርክሊ ጉድጓድ ውስጥ ብቅ አለ።

አሁን ቀለሙ። ድንጋዩ ውስጥ ፒራይት አለ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ሞኝ ሰው ወርቅ ነው ብሎ የሚይዘው። ፒራይት ብረትና ድኝ ነው። መሬት ውስጥ ታፍኖ ሲኖር ማንንም አይነካም። ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል። ጋራዥ ውስጥ ባትሪ የሚሞሉበት አሲድ በል። አሲዱ ደግሞ የነካውን ያሟሟል፤ መዳብ፣ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክ። ቀዩ ቀለም የብረቱ ዝገት ነው። ውሃው በ1990ዎቹ በአሲድነት መለኪያው፣ በፒኤች፣ 2.5 ገደማ ነበር። ከሎሚ ጭማቂ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ሎሚ ውስጥ አርሴኒክ የለም። ጉድጓዱ ወደ 540 ሜትር ይጠልቃል። የያዘው ውሃ 190 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ነው።

በኅዳር 1995 ነጭ የዱር ዝይዎች በጉዞ ላይ ደክሟቸው፣ ጭጋግም ሆኖ፣ ሐይቅ መስሏቸው አረፉ። 342 ሬሳ ተለቀመ። በ2016 ከ3,000 በላይ ሞቱ። ዛሬ የሰዎች ሥራ ዝይ ማባረር ነው። በጠመንጃ ድምፅ፣ በሳይረን፣ በድሮን። ለትምህርት በሄድኩበት ጊዜ ያንን ሐይቅ አይቼዋለሁ። በዋሻ አልፈህ ሰገነት ላይ ትወጣለህ። መግቢያው ላይ ትኬት ይቆርጡሃል። ሳቄ መጣ፤ ከተማ የበላ ጉድጓድ ራሱ ሥራ ፈጥሮ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ ውሃ መዳብ ይወጣል ብልህ ታምናለህ? አባትህ ያምናሉ፤ የብረት ሰው ናቸው። ውሃውን ቁርጥራጭ ብረት በተከመረበት ገንዳ ያሳልፉታል። አሲዱ ብረቱን ይበላና በምትኩ መዳቡን ይተፋል። ቁራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበው ዓይነት ጣሳ ገብቶ መዳብ ሆኖ ይወጣል። ዘዴው ቢዩት ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ዋናው ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ውሃው ከባሕር ወለል 1,649 ሜትር ከፍታ ካለፈ፣ ፍሰቱ ተገልብጦ ወደ ከተማዋ ወንዝ ይሄዳል። ስለዚህ ፓምፑ ተመልሷል። በ2003 ማጣሪያ ጣቢያ ተሠራ፤ ከ2019 ጀምሮ የታከመ ውሃ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። የሚታከመው በምን ይመስልሃል? በኖራ። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካችንን ድሬ ያመጣው የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው። ኖራ አሲዱን ይገድለዋል፣ ብረታ ብረቱም ከሥር ይዘቅጣል። ቀላል ነው። ችግሩ ማብቂያ የለውም። ፒራይቱ እስካለ አሲዱ ይኖራል፤ ስለዚህ ፓምፑና ኖራው ለልጅ ልጅ የሚወረስ ሥራ ነው። የኛ ሎኮሞቲቮች ሲቆሙ ዝም ብለው ቆሙ። ማዕድን ማውጫ ግን ሲቆም በራሱ መሥራት ይጀምራል።

በምን ትኖራለች ላልከው፤ በ1986 ሌላ ኩባንያ ከበርክሊ አጠገብ ያለውን ጉድጓድ ከፍቶ ዛሬም መዳብና ሞሊብዲነም የሚባል ሌላ ብረታ ብረት ያወጣል። የሚቀጥረው ግን ጥቂት መቶ ሰው ነው። በ1900 የተከፈተው የማዕድን ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ውሃውን ከሚያጠኑት ብዙዎቹ እዚያ ናቸው። ጽዳቱም ሥራ ነው፤ የመኖሪያ ግቢ አፈር ይቀየራል፣ ከጣሪያ በታች የተከማቸው የእርሳስና የአርሴኒክ አቧራ ይጠረጋል። በ1920 ከነአካባቢዋ 60,000 ሕዝብ ነበራት፤ ዛሬ 34,000 ገደማ ነው። ባዶ ከተማ አይደለችም። ሠራተኛ የሚያወርዱት የብረት ማማዎች በየሰፈሩ ቆመዋል፤ ማታ ቀይ መብራት ያበሩባቸዋል። ሰዉም ይኮራባቸዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። እኛስ ለገሃር ፊት ለፊት ፎቶ እንነሣ የለ?

አንዱን ነገር ለአባትህ ብዬ ነው ያቆየሁት። በ1908 ትልቅ ጎርፍ የማዕድኑን ጭቃ ጠርጎ ወንዙን ይዞ ወረደ። ደቻቱ በ2006 ያደረገብንን ያየ ሰው ይገባዋል። ጭቃው 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በዚያው ዓመት በተሠራው ሚልታውን ግድብ ውስጥ ተኛ። በ1981 የአካባቢው ሰው የጉድጓድ ውሃ ሲመረመር አርሴኒክ ተገኘ። ከብዙ ክርክር በኋላ ግድቡ በ2008 ፈረሰ፣ ጭቃውም ተዝቆ ወደ መጣበት አቅጣጫ ተመለሰ። የመለሰው ባቡር ነው። ፉርጎ በፉርጎ እየጫነ፣ መዳቡ ወደ ዓለም በወጣበት መስመር ሽቅብ፣ አናኮንዳ አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ አራገፈው። የአገሬው ሰው በዚህ ብዙም ደስ አላለውም። እዚያ ያለችው ትንሽ መንደር ስሟ ኦፖርቹኒቲ ነው። አባትህ ትርጉሙን ከጠየቁህ «መልካም አጋጣሚ» በላቸው።